በግንቦት የተቆጠረ ችግኝ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በግንቦት ወር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የክበባችን አባላት ደብተርና እርሳስ ይዘው አሮጌው የድንጋይ ካባ ውስጥ ተበተኑ። የዕለቱ ሥራ ባለፈው ክረምት የተከልነውን ችግኝ መቁጠር ነበር። በሐምሌ 2016 የተከልነው 340 ነው። ይህን ቁጥር ሁሉም ያውቀዋል፤ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ተነግሯል፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፣ ፎቶውም በዚሁ መጽሔት ባለፈው እትም ወጥቷል። በግንቦት ጸድቆ ያገኘነው 117 ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው። ዘገባውን ከዚህ የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። በየዓመቱ የምንጽፈው የተተከለውን ነው፤ ከእንግዲህ ግን ይህ ክበብ የሚያስመዘግበው ቁጥር የሐምሌው ሳይሆን የግንቦቱ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ካባውን ለማያውቁ ወላጆችና አዲስ ገቢ ተማሪዎች ትንሽ ላስረዳ። ከግቢያችን ጀርባ፣ በደሴው የጦሳ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ጎድጓዳ ቦታ ነው። ለብዙ ዓመታት ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ ሥራው ቆመ። የቀረው በሦስት ወገን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ድንጋይ፣ መሐሉ ጭንጫ፣ በአራተኛው ወገን ደግሞ የክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ነው። ቦዩ ውሃውን ወደ ቦርከና ይሰደዋል፤ ቦርከና ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ስለዚህ እኛ ጋ ያልተያዘ አፈርና ጠጠር ሌላ ሰው ማሳ ላይ ወይም ድልድይ ሥር መድረሱ አይቀርም።

የጂኦግራፊ መምህሩ ባልደረባዬ አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር መጥቶ የተናገረው ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው። የወሎ ገበሬ የሚያርሰው ጥቁር አፈር የተገኘው ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው፤ ግን ፀሐይና ዝናብ፣ ሥርና ትል ለብዙ ሺህ ዓመታት ሠርተውበት ነው። ካባ ሲወጣ ያ ሁሉ ይገፈፋል። እኛ በሐምሌ ችግኝ ይዘን የገባነው ገና ምንም ያልሠራበት ድንጋይ ላይ ነበር።

ይህን ቶሎ ያልተረዳሁት እኔ የባዮሎጂ መምህሩ መሆኔ ያሳዝነኛል። የነገሩን ቁልፍ የሰጡን የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው። ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሰው በወጣትነታቸው እዚሁ ካባ ውስጥ ድንጋይ ጠራቢ እንደነበሩ የሰማሁት በጥቅምት ነው። ለመጀመሪያው ስብሰባችን ጋበዝናቸውና ካባው መሐል አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አወሩልን። አለቱ በብረት እንዴት እንደሚበሳ፣ ሽብልቁ እንዴት እንደሚተከል፣ መዶሻው ሲያርፍ ድምፁ ተለውጦ ድንጋዩ ሊሰነጠቅ መሆኑ እንዴት እንደሚታወቅ እየነገሩ በእጃቸው አሳዩን። «ድንጋይ መሥመር አለው ልጆቼ። መሥመሩን ካገኘኸው እንደ ዳቦ ይከፈልልሃል፤ ካጣኸው ግን ቀኑን ሙሉ ስትደበድበው ውለህ ፍንጣሪ ዓይንህ ውስጥ ይገባል እንጂ ሌላ አታገኝም» አሉ።

አንዱ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «አባባ፣ የሠሩበት ቦታ ዛፍ ሲበቅልበት ቅር አይልዎትም?» ብሎ ጠየቃቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እኛ ከዚህ ወስደን ቤት ሠራንበት። ስንት ሰው ከብርድ ገባ። አሁን ደግሞ ለሽኮኮው ቤት ይሁንለት፤ ምን አለበት?» አሉት።

ቁልፉ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሊሄዱ ሲነሱ ነው። ወደ ምሥራቁ ጥግ እየጠቆሙ፣ «ላይኛውን አፈር ገፈን የምንደፋው በዚያ ነበር» አሉ። እዚያ ያለው ሣር የለበሰ ጉብታ ነው፤ እኛ የተፈጥሮ ኮረብታ ይመስለን ነበር። በማግሥቱ ዲጂኖ ይዘን ሄድንና አንድ ክንድ ያህል ቆፈርን። ከላይ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ሥር ጥቁር፣ እርጥብ፣ ትል ያለበት አፈር ወጣ። ካባው ከመከፈቱ በፊት የነበረው የተራራው አፈር እዚያው ተከምሮ ሲጠብቅ ኖሯል። ልጆቹ በእጃቸው እየዘገኑ ሲያሸቱት አየሁ። በግንቦት ቆጠራ ከጸደቁት አብዛኞቹ የተገኙትም ወደዚሁ ጉብታ በኩል ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ያለው የቅዳሜ ሥራችን አፈር ማጓጓዝ ሆነ። በባሬላ፣ በጆንያ፣ አንዳንዱም በፌስታል። ከግቢያችን የሚጠረገውን ቅጠልና ከሰፈሩ አትክልት ቤቶች የሚጣለውን የጎመን ቅጠል አንድ ጥግ አከማችተን ብስባሽ አዘጋጀን። ይህ ሥራ ፎቶ ላይ አያምርም። በመስከረም ከተመዘገቡት 46 አባላት እስከ ሰኔ የዘለቁት 29 ሲሆኑ፣ የወጡት አብዛኞቹ የወጡት በዚህ ወቅት ነው። አልፈርድባቸውም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በታኅሣሥ ቅዳሜ ማለዳ እርጥብ አፈር ያለበት ባሬላ መያዝ ጣት ያደነዝዛል። የቀሩትን 29 ግን በጣም አከብራቸዋለሁ።

ወደ ሞቱት ልመለስ፤ ከነሱ ብዙ ተምረናልና። በቆጠራው ቀን የደረቁትን እየነቀልን ሥራቸውን እንድናይ ወሰንን። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የደረቀ ጽድ ነቀለች፤ አፈሩን ስታራግፈው ከሥሩ ጥቁር ፕላስቲክ ብቅ አለ። ከችግኝ ጣቢያ የመጣበት ፕላስቲክ ሳይቀደድ እንዳለ ተቀብሯል። በጣቷ ስትቀደው ሥሩ መውጫ አጥቶ በክብ በክብ ዞሮ፣ እንደ ተቋጠረ ክር እርስ በርሱ ተጠምዝዞ አገኘችው። ዝም ብላ አየችውና፣ «መምህር፣ ይኼ እኔ የተከልኩት ይሆን እንዴ?» አለችኝ። የማን እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጥፋቱ ግን የእኔ መሆኑን ነገርኳት። 340 ችግኝ በአንድ ጠዋት ጨርሰን ፎቶ ለመነሳት ስናጣድፋቸው ፕላስቲክ መቀደዱን የተቆጣጠረ አልነበረም። ከነቀልናቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ አራቱ እንዲሁ ነበሩ።

ጉድጓዶቹም ጥልቀት አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ከስንዝር አይበልጡም፤ ከሥራቸው አለት ነው። ግራቪሊያዎቹን ደግሞ ውርጩ ፈጃቸው፤ ከ70ው የተረፉት 9 ናቸው። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ የቅጠላቸው ጫፍ በእሳት እንደተለበለበ ጠቁሮ ነበር። ጽድ ከ90 ተተክሎ 22 ጸደቀ። ኮሶ 20 ተክለን አንድም አልተረፈም፤ ኮሶ እርጥበትና ወፍራም አፈር የሚወድ የደጋ ዛፍ ነው፣ ጭንጫ ላይ መትከላችን ከመጀመሪያውም ስህተት ነበር።

ያልጠበቅነው ክትክታ ነው። 60 ተክለን 46ቱ ጸደቁ። በሐምሌ ችግኝ ሲታደል ክትክታ የደረሳቸው ልጆች አኩርፈው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ለማገዶና ለአጥር የሚቆረጥ ቁጥቋጦ ማን ይፈልጋል? ሁሉም ዝግባና ጽድ ነበር የሚለምነው። ክትክታ ግን በጭንጫና በተራቆተ ተዳፋት ላይ ቀድሞ የሚገባ፣ ድርቅ የሚችል፣ ክንፍ ያለው ፍሬውም በነፋስ የሚበተን ተክል ነው። በግንቦት ካኮረፉት አንዱ ክትክታውን ሲያገኘው ከጉልበቱ በላይ ደርሷል። ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው።

የዓመቱ ትልቁ ግኝት የመጣውም ከክትክታው ሥር ነው። ቆጠራው ሊያልቅ ሲል ሁለት ልጆች ከደብተራቸው ጋር የማይገጥም ነገር ይዘው መጡ፤ በመትከያ ካርታችን ላይ የሌሉ የወይራ ቡቃያዎች አግኝተናል አሉ። ሄደን አየን። ከካባው መሐል ጠራቢዎቹ ስንጥቅ አለው ብለው የተዉት አንድ ትልቅ ድንጋይ ቆሟል። አናቱ በወፍ ኩስ ነጭ ሆኗል። ከሥሩ፣ በክትክታው ጥላ ውስጥ፣ ጣት የሚያህሉ የወይራ ቡቃያዎች ጠጠሩን ፈልቅቀው ወጥተዋል። ተንበርክከን ስናይ የደረቀ ኩስ ላይ የተጣበቁ የወይራ ፍሬዎች አሉ፤ ሥጋው ተበልቶ ጠንካራው ፍሬ ብቻ ቀርቷል። ወፎቹ ከላይኛው ሰፈር ከሚገኙ ያረጁ ወይራዎች በልተው እዚህ ድንጋይ ላይ አርፈው ጥለውታል። ማንም ያልተከላቸውን 23 ወይራ ቆጠርን። እኛ ከተከልነው 80 የጸደቀው 31 ነው።

እነዚህ 23ቱ በ117 ውስጥ አልተቆጠሩም። ልጆቹ ይቆጠሩ ብለው ተከራከሩኝ፤ እኔ ግን የኛ ሥራ አይደሉምና ለብቻቸው ይጻፉ አልኩ። ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው፤ ሆኖም ክርክሩ ጥሩ ነበር። አባባ ጉዳዩን ሲሰሙ፣ «አብሽሩ፣ ሠራተኛ ተጨመረላችሁ ማለት ነው» አሉ። በዚያው ሳምንት ቅርንጫፍ ያላቸው ስድስት የደረቁ የባሕር ዛፍ ግንዶች አምጥተን፣ ዙሪያቸውን በድንጋይ አስጨንቀን፣ አፈር በጨመርንባቸው ቦታዎች ላይ ለወፎች ማረፊያ አቆምን። በሦስተኛው ቀን አንዱ ላይ ቁራ አርፎ አየነው። ወፍራም መንቁርና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ የአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሆነው ቁራ ነው። ቁራ ወይራ ዘሪ ይሁን አይሁን በሚቀጥለው ዓመት ከሥሩ እናየዋለን።

ስለ አራዊቱ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ቦታ ስለሌለ በዓይናችን ያየነውን ብቻ እነግራችኋለሁ። ግድግዳው ላይ በተሰነጠቀው ድንጋይ ውስጥ ሽኮኮዎች ይኖራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ይወጣሉ። አይጥ የምትመስለው ይህች እንስሳ ከዝሆን ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳላት ስነግራቸው ክፍሉ በሙሉ አላመነኝም፤ እግሯንና ጥርሷን በሥዕል አሳየኋቸው። ከግድግዳው ጫፍ ላይ አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት እርግብ ታርፋለች፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በሌላ አገር አትገኝም። ረጅም ቆልማማ መንቁር ያለውና ሲበር ሰፈሩን በጩኸት የሚያውከው ወፍም የእነዚሁ የሁለቱ አገሮች ደጋ ወፍ ነው፤ ማደሪያውና ጎጆው ገደል ላይ ነው። ካባው ለእነዚህ ወፎች ሰው የሠራው ገደል ሆኖላቸዋል። በጥር ደግሞ በጭቃው ላይ የጅብ ኮቴ አገኘን፤ አጠገቡ እንደ ኖራ የነጣ ዓይነ ምድር ነበር። ነጭ የሚያደርገው የሚበላው አጥንት ነው። ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ ማንም ወደ ካባው እንዳይገባ ከልክያለሁ።

ቦታውን ለማየት የመጡ አንዳንድ እንግዶች ግድግዳው በሲሚንቶ ቢለሰን፣ መሐሉ ላይ መቀመጫና ሻይ ቤት ቢሠራ ያማረ መናፈሻ ይሆናል ብለው መክረውናል። ምክራቸው በበጎ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን አልስማማም። ሽኮኮው የሚኖረው ስንጥቁ ውስጥ ነው፤ እርግቧ የምታርፈው ሸካራው ላይ ነው። ክረምት ላይ ውሃ የሚያቁረው ጎድጓዳም እንደዚያው ይቅር፤ በነሐሴ እንቁራሪቶች ዕንቁላል የጣሉት እዚያ ነው። ደሴ ውስጥ ለሰው የሚሆን መቀመጫ ሌላ ቦታ ይገኛል።

በባሕር ዛፍም ላይ እንዲሁ ተከራክረናል። አንድ ወላጅ ባሕር ዛፍ ብትተክሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ አጣና ሸጣችሁ ለክበቡ ገንዘብ ታገኙ ነበር አሉን። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ የስንቱን ቤት ጣሪያ እንደተሸከመ፣ የስንቱን ምጣድ እንዳሰማ እኔም አውቃለሁ። ካባው ውስጥ ግን ፍሬ የሚበላ ወፍም ሆነ ከሥሩ የሚበቅል ሌላ ተክል አይጠቀምበትም።

በመጋቢት ወደ ኮምቦልቻ ወርደን የየጎፍን ደን ጎበኘን። በሐረጎ ጠመዝማዛ ስንወርድ ያጥወለወላቸው ነበሩ፤ ደኑ ውስጥ ሲገቡ ግን ሁሉም ተረሳ። ጽድ፣ ወይራና ዝግባ በአንድነት ቆመው ያዩት ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኔ የፈለግሁት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች እንዲያዩ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የወደቀውን ቅጠል በእጁ ገለጥ ገለጥ እያደረገ አፈሩ ዘንድ እስኪደርስ እንዲቆጥር አዘዝኩ። ደረቅ ቅጠል፣ ከሥሩ የበሰበሰ፣ ከሥሩ ነጭ የሻጋታ ክር፣ ከዚያ ጥቁር አፈር። አንዱ ልጅ ክርኑ ድረስ አስገብቶ፣ «መምህር፣ ድንጋዩን አላገኘሁትም» አለኝ።

ከዚያ ስንመለስ የኬንያውን ታሪክ አጫወትኳቸው። ሞምባሳ አቅራቢያ ባምቡሪ በሚባል ቦታ ለሲሚንቶ የሚሆን ድንጋይ የወጣበት ሰፊ ካባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬኔ ሃለር የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ ደን ሊያለማበት ተነሳና 26 ዓይነት ዛፍ ሞከረ፤ የቆዩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ እኛ ሸውሸዌ የምንለው ነው። ሸውሸዌ በሥሩ ላይ ከሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ጋር ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚያገኝ ያለ ለም አፈር መቆም ይችላል። ነገር ግን መርፌ የሚመስለው ቅጠሉ አልበሰብስ አለ። ሃለር ያን ቅጠል የሚበላ ባለ ብዙ እግር ፍጥረት አምጥቶ ለቀቀበት፤ ቅጠሉ እየተበላ አፈር መሆን ጀመረ። ዛሬ ቦታው በስሙ ሃለር ፓርክ ተብሎ ቀጭኔና ጉማሬ የሚጎበኝበት ደን ነው። ልጆቹ ወዲያው ሸውሸዌ እንትከል አሉ። ሞምባሳ የባሕር ዳር ሙቀት፣ የኛ ደግሞ የደጋ ውርጭ ነው፤ ድንጋዩም የተለያየ ነው። ከሃለር የወሰድኩት ዛፉን አይደለም፤ 26 ሞክሮ 23ቱ ሲሞቱበት መቁጠሩንና የቀሩትን ይዞ መቀጠሉን ነው።

የፍየሎቹ ጉዳይ በመልካም ተፈቷል። ከካባው አጠገብ የሚኖሩ እናት አምስት ፍየሎች አሏቸው፤ በጥቅምት ሁለት ጊዜ ገብተው ቡቃያ በሉብን። ልናነጋግራቸው ስንሄድ ቡና አፍልተው ጠበቁን። «መምህር፣ ፍየሎቼ ታዲያ ምን ይብሉ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። በመጨረሻ የጉብታውን ሣር ልጆቹ እያጨዱ በየሳምንቱ ሊያደርሱላቸው፣ እሳቸውም ፍየሎቹን ሊያስሩ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ከማንም የተሻሉ ጠባቂያችን ሆነዋል። ሌሊት የግንባታ ፍርስራሽ ሊደፋ የመጣ ገልባጭ መኪና ጮኸው የመለሱትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተደፍቶብናል፤ ሚያዝያን ሙሉ የተሰበረ ብሎኬትና ቆርቆሮ ስንለቅም ቆይተናል። ይህ ገና መፍትሔ አላገኘም። የመግቢያው በር በድንጋይ ካልተዘጋ እንደገና ይመጣሉ፤ ለዚህ የወላጆችን እርዳታ እጠይቃለሁ።

የደኅንነት ደንባችን እንደ ቀድሞው ነው፤ ከግድግዳው ሥር አሥር እርምጃ ርቀት ላይ በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች አሉ፣ እነሱን ማለፍ አይፈቀድም። ደሴ ውስጥ ክረምት ሲገባ መሬት እንደሚንሸራተት ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ለዚህ ክረምት 40 ጉድጓድ ብቻ ቆፍረናል። ሁሉም እስከ ጉልበት ይገባሉ፤ ዲጂኖው በስንዝር አለት ካገኘ ቦታ እንቀይራለን። ከጉብታው ያመጣነው አፈርና ብስባሹ ተሞልቶባቸዋል። የሚተከለው ክትክታ፣ ወይራና ግራር ነው፤ ወይራዎቹ የሚገቡት ባለፈው ዓመት የጸደቀ ክትክታ ጥላ ውስጥ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ የሚቆዩ 12 ልጆች ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ለመከታተል ተራ ይዘዋል። በተከላው ጠዋት ፎቶ አንሺ አይኖርም። አባባ በሩ ላይ ባዶ ጆንያ ይዘው ይቀመጣሉ፤ 40 ችግኝ ከገባ ማንም ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት 40 የተቀደደ ፕላስቲክ ቆጥረው ይረከባሉ።